የድሬ ፔስ አዲስ አበባ ላይ

ካቻምና ኅዳር ታላቁ ሩጫን ልሮጥ ከድሬ ስነሳ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። 5፡00። አንዱን ኪሎ ሜትር በአምስት ደቂቃ፣ አሥሩን በ50። ሁለት ወር ሙሉ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየተነሳሁ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ስሮጥ ይቺን ፔስ፣ ማለትም አንድ ኪሎ ሜትር የምጨርስባትን ጊዜ፣ ሳልጨነቅ እይዛት ስለነበር የኔ ናት ብዬ ደምድሜአለሁ።

አልነበረችም።

የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በሰው መሃል ግራ ቀኝ እየተሽሎከለክኩ በ4፡52 ጨረስኩ። ሁለተኛውም ከአምስት ደቂቃ በታች ነበር። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰዉ ይጨፍራል፣ እግሬ መሬት የነካም አልመሰለኝ። አራተኛው ላይ ትንፋሼ ከእርምጃዬ ጋር ተጣላ። አፌ ደረቀ፣ ጎኔን ወጋኝ፣ ክንዴ ከትከሻዬ ጀምሮ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። አምስተኛውን በ25፡40 አለፍኩ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ዳገት ባየሁ ቁጥር መራመድ ሆነ፣ የቀረውን አምስት ኪሎ ሜትር 34 ደቂቃ ፈጀብኝ። ስጨርስ ሜዳልያዬን ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ፣ ማንንም ማናገር አልፈለግኩም።

ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,400 ትጠጋለች። ይህን ከተማሪ ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ግን ከሩጫዬ ጋር አያይዤው አላውቅም። እኛ የድሬ ልጆች የምንፈራው ሙቀት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ጧት 2 ሰዓት ከሆነ አስፋልቱ ራሱ ይተነፍሳል፤ ያኔ ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ደም ወደ ቆዳ ይልካል፣ ለእግር የሚደርሰው ስለሚያንስ ልብ በዚያው ፔስ ላይ እንኳ በፍጥነት ትመታለች። ስለዚህ ቀዝቃዛ አገር ስንሄድ ሁሉ ነገር የሚቀለን ይመስለናል። ከፍታው ላይ ግን በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ቆዳህ አይነግርህም፣ ላብህ አይነግርህም። ዘግይቶ የሚነግርህ ሳንባህ ነው፣ እሱም አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ።

ከተመለስኩ በኋላ ለጋሼ ነገርኳቸው። ጋሼ አብረውን የሚሮጡ የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ60 አልፏል፣ ፍጥነት የላቸውም፣ ግን ጀምረው ያቋረጡት ሩጫ ትዝ አይለኝም። ዝም ብለው ሰሙኝና «አቦ፣ ባቡር ከለገሃር ሲነሳ አይተህ አታውቅም?» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። በማግስቱ ግን ነጭ ፕላስተር ይዘው መጡና ሰዓቴ ላይ ለጠፉበት። ቁጥሩ እንዳይታየኝ ነው።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ሰዓት ሳላይ እንዴት ነው የምለማመደው? እሳቸው ግን መለኪያ ሰጡኝ፦ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆርጥ መናገር ከቻልክ ልክ ነህ፣ ሁለት ቃል ላይ ከተቆረጥክ ቀንስ። እየሮጥን ያስወሩኛል። ስለ ድሮ ድሬ፣ ስለ ደቻቱ ጎርፍ፣ ስለ ልጆቻቸው። መልሴ ሲያጥር እጃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ቀስ በል ማለታቸው ነው። እሁድ እሁድ በታክሲ የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሐረማያ እንሮጣለን፣ እዚያ ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ማታ ቤት ገብቼ ፕላስተሩን ሳነሳ ሐረማያ ላይ የሮጥኩት ከድሬው በኪሎ ሜትር ከ30 እስከ 40 ሰከንድ የዘገየ ሆኖ አገኘዋለሁ። ወሬው ግን ያው ነበር፣ አልተቆረጠም። ፔስ ማለት የኔ ቁጥር ሳይሆን የኔና የቦታው ስምምነት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

በዚያ ሰሞን የቀነኒሳን የ2012 መስከረም የበርሊን ማራቶን ደግሜ አየሁት። 2፡01፡41 የገባበትን። ሁሉም የሚያወራው ክብረ ወሰኑ በሁለት ሰከንድ ስላመለጠው ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ቦታ ነው። 30ውን ኪሎ ሜትር ካለፉ በኋላ ብርሃኑ ለገሰ ጥሎት ሄደ። አብዛኞቻችን እዚያ ላይ ወይ ተስፋ እንቆርጣለን ወይ በአንድ ትንፋሽ ልንደርስበት እንሞክራለን። ቀነኒሳ ሁለቱንም አላደረገም፣ የራሱን እየሮጠ ቀስ በቀስ ተጠጋና አልፎት ሄደ። ግማሹን ያለፈው በ61፡05 ነው፣ ሁለተኛው ግማሽ 60፡36። ከእሱ ጋር ራሴን እያወዳደርኩ አይደለም። ግን ያን የሁለተኛ ግማሽ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ በሩ ጀርባ ለጥፌዋለሁ።

አምና ኅዳር ተመልሼ ሄድኩ። ፕላስተሩን እንደለጠፍኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትሮች ሰው ሁሉ ሲያልፈኝ መታገስ ከምንም በላይ ከበደኝ፤ አንዲት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ሳይቀር አለፈችኝ። ከጎኔ የሚሮጠውን የማላውቀውን ሰውዬ ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት፣ ከሐዋሳ አለኝ፣ ስለ ሙቀት አወራን። አልተቆረጠም። ሰባተኛው ላይ ሰውዬውን ተሰናብቼ ትንሽ ጨመርኩ። ዳገቱን ሳልራመድ ወጣሁት።

ፕላስተሩን ስልጠው 56፡20 ይላል። የፊተኛው አምስት 28፡30፣ የኋለኛው 27፡50። ድሬ ላይ ከምሮጠው በስድስት ደቂቃ ይዘገያል፤ ከካቻምናው ግን በሦስት ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይሻላል። ጋሼ ጋ ደወልኩ። ስንት ገባህ አላሉኝም። «መጨረሻው ላይ ማውራት ትችል ነበር?» አሉኝ።

«አንድ ሦስት ቃል» አልኳቸው።

«አሁን ገባህ» አሉኝ። ቀጥሎ ግማሽ ማራቶን ነው የምንዘጋጀው። እሁድ 10 ሰዓት ተኩል፣ ለገሃር ፊት ለፊት እንገናኛለን፤ የሚመጣ ካለ ፕላስተር አለኝ።