መፋቂያውን ማታም መጠቀም

እናቴ ቆሎ መብላት ማቆሟን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ቡና ሲፈላ ቆሎውን ለእንግዳ ታቀርባለች እንጂ ራሷ አንድ ፍሬ እንኳ አታነሳም፤ እንጀራውንም ወጥ ውስጥ ዘፍዝፋ ካላራሰችው አትነካውም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «የ71 ዓመት ጥርስ ምን እንዲሆን ነው የምትፈልጊው፣ ልጄ?» አለችኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። በኋላ ከአንዲት የጥርስ ሐኪም የተረዳሁት ግን ዕድሜ ብቻውን ጥርስ እንደማያወልቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥርስ የሚያሳጣው ለዓመታት ሳይታይ የቆየ የድድ ሕመምና መቦርቦር ሲሆን፣ ሁለቱንም ባለቤቱ በገዛ እጁ በብዙ መጠን ሊከላከላቸው ይችላል።

ለዚህ ጃፓን ጥሩ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 «8020» የሚል ዘመቻ ጀመሩ፤ ትርጉሙም 80 ዓመት ሲሞላ ቢያንስ 20 የራስ ጥርስ ይዞ መገኘት ማለት ነው። ያኔ እዚያ ዕድሜ ላይ ከደረሱት መካከል ይህን የሚያሟላው ከ10 ሰው አንዱ እንኳ አልነበረም፤ በ2016 በተደረገው አገራዊ ጥናት ግን ከግማሽ በላይ ሆነዋል።

ይህን ይዘን ከሐኪሟ ጋር በሰፈራችን ዕድር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አረጋውያኑን ለማነጋገር ተነሣን። የመጀመሪያው ቀን አልተሳካልንም፤ ጥፋቱም የእኛ ነበር። ብሩሽ አድለን፣ መፋቂያን እንደ ኋላ ቀር ነገር ቆጥረን፣ ልጅ እንደሚመከር መከርናቸው። አንድ አባት ከኪሳቸው የወይራ መፋቂያ አውጥተው «እናንተ ሳትወለዱ ስፍቅ የኖርኩ ሰው ነኝ» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። እውነታቸውን ነው። የወይራም ሆነ የክትክታ መፋቂያ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ከተበጠረ የጥርስን ፊት አሳምሮ ያጸዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በተለመደባቸው አገሮች እንዲሠራበት ሲያበረታታ ቆይቷል።

ችግሩ ያለው ሰዓቱ ላይና የማይደርስባቸው ቦታዎች ላይ ነው። እኛ ዘንድ መፋቂያ የጠዋት ነው፤ ወደ ገበያ ወይም ከቤተ ክርስቲያን መልስ በመንገድ ላይ እየተፋቀ ይኬዳል። ማታ ግን እራት ተበልቶ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ተጠጥቶ፣ እንዲሁ ይተኛል። ስንተኛ ምራቅ በጣም ስለሚቀንስ አፍን የሚያጥበው ነገር አይኖርም፣ የተረፈውም ምግብ ሌሊቱን ሙሉ ጥርስ ላይ ያድራል። ስለዚህ በሁለተኛው ስብሰባ የጠየቅናቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የጠዋቱ ሳይቀር፣ ከእራት በኋላም ለ2 ደቂቃ ያህል እንዲፍቁ፣ በምላስ በኩል ያለውን የጥርስ ጀርባና የመንጋጋ ጥርሶችን እንዳይረሱ። ብሩሽ የሚመቸው በብሩሽ፣ የማይመቸው በመፋቂያው፤ ብቻ አተር የምታህል የጥርስ ሳሙና ትጨመርበት። ሲጨርሱ አረፋውን መትፋት እንጂ በብዙ ውኃ መጉመጥመጥ አያስፈልግም፤ ሳሙናው ውስጥ ያለው፣ ጥርስን ከመቦርቦር የሚከላከለው ፍሎራይድ ጥርሱ ላይ ትንሽ ይቆይ።

ፍሎራይድ የሚለውን ቃል ስንጠራ በወንጂ አካባቢ ያደጉ አንድ እናት እጃቸውን አወጡ። «የእኔን ጥርስ እንዲህ ቡናማ ያደረገው እሱ አይደለም ወይ?» አሉ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ እንደሚበዛበት የታወቀ ስለሆነ ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ልዩነቱ፣ ያ ጉዳት የደረሰው በልጅነት፣ ጥርስ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ በየቀኑ ከተጠጣ ውኃ መሆኑ ነው፤ የጥርስ ሳሙናው ግን ላይ ላዩን ነክቶ የሚተፋ ነው። አረጋውያን ደግሞ ከወጣት ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል፤ ምክንያቱም ድድ ሲሸሽ የሚጋለጠው የጥርስ ሥር እንደ ላይኛው ክፍል ጠንካራ ሽፋን ስለሌለው ቶሎ ይቦረቦራል።

የእናቴን ጥርስ የጎዳው ግን ሌላም ነገር ነበር፣ እኔም ያልጠረጠርኩት። የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ አፏ እየደረቀ ያስቸግራታል፤ ድርቀቱን ለማስታገስ ቀኑን ሙሉ ከረሜላ ትመጥጣለች፤ ከረሜላውን ገዝቼ የማመጣላት ደግሞ እኔው ነኝ። ምራቅ ባነሰበት አፍ ስኳር ያለማቋረጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቆም ፈጽሞ አይገባም፤ ለሐኪም መንገር፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ ፉት ማለትና ከረሜላውን ከቤት ማጥፋት ግን ይቻላል። የመጨረሻው አኳርፎን ነበር።

ሲፍቁ ደም ሲያዩ መፋቅን የሚተዉ ብዙ ናቸው። የሚደማው ድዱ ስለተቆጣ ነው፤ በለስላሳው፣ ሳይተዉ ሲያጸዱት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይሻላል፣ ካልተሻለው ሐኪም ይየው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን በተለይ ቸል ማለት የለበትም፤ የድድ ሕመም ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል፣ ያልተቆጣጠሩት ስኳርም የድዱን ሕመም ያባብሰዋል። ቅርንፉድ ሕመሙን ለጊዜው ያደነዝዛል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍንም፤ አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ያቆስላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላቸው ማታ አውልቀው፣ በብሩሽና በተራ ሳሙና አጥበው፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያሳድሩት፤ ፍል ውኃ ያጣምመዋል።

እኛ ልጆች የምንሳሳተው፣ እናግዛቸው ስንል ሥራውን ከእጃቸው ስንወስድ ነው። ጣታቸውን ቁርጥማት የያዘባቸው አንድ አባት ብሩሹ ከእጃቸው እየወደቀ ሲቸገሩ፣ እጀታው ላይ ጨርቅ ጠምጥመን ስናወፍረው ያለ ማንም እርዳታ መፋቅ ጀመሩ። ሌላ አባትን የረዳቸው ደግሞ ወንበር ነው፤ ቆመው ስለሚደክማቸው ነበር የሚተዉት።

በስብሰባው መጨረሻ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «እኔ አንድም ጥርስ የለኝ፤ ይህ ወሬ ምኔም አይደል» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ሊነሡ ሲሉ ሐኪሟ አስቆመቻቸው። ምላስንና ድድን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ማበስ ለእርሳቸውም እንደሚያስፈልግ፣ በወር አንድ ቀን በመስኮት ብርሃን አፋቸውን ከፍተው እንዲያዩ፣ ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ወይም ነጭና ቀይ ምልክት ካገኙ ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲታዩ ነገረቻቸው። እርሳቸውም ምንም ሳይመልሱ ሄዱ። በሚቀጥለው ወር ሲመጡ በመቀነታቸው ትንሽ መስታወት ቋጥረው ነበር፤ ስብሰባው እስኪጀመርም ከጎናቸው የተቀመጡት ሴቶች ተራ በተራ እየተቀበሏቸው ወደ መስኮቱ ይጠጉ ነበር።