ያገለገለ የታይታኒየም የብስክሌት ፍሬም ስንት ያወጣል?

ባለፈው ወር ከቤተ ክርስቲያን የማውቀው አንድ ወጣት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የታይታኒየም ፍሬም አግኝቻለሁ፤ ሰውዬው 1,100 ዶላር ነው የሚሉት። ልግዛው?» አለኝ። «ዓይኔ ሳያየው አልፈርድም፤ አንተም በፎቶግራፍ ብቻ ገንዘብ እንዳትልክ» አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት ኮሎራዶ ውስጥ ከአውሮራ ተነሥተን ቦልደር ሄድን።

እኔ ብስክሌት መመርመር የተማርኩት ባሕር ዳር ነው። አጎቴ ገበያው አጠገብ ብስክሌት ይጠግን ነበር። ያገለገለ ብስክሌት ሲያመጡለት መጀመሪያ ገልብጦ ከሥር ያየዋል። አዲስ ቀለም የተቀባውን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ይጠረጥር ነበር፤ ቀለም ስንት ስንጥቅና ስንት የብየዳ ጥገና እንደሚሸፍን በእጁ ያውቃልና። ታይታኒየምን የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው። ስለማይዝግ ቀለም አያስፈልገውም፤ አብዛኛው ፍሬም ብረቱ እንደታየ ይሸጣል። ጊዜ ወስዶ ለሚያይ ሰው የደረሰበት ሁሉ ላዩ ላይ ተጽፏል።

ሻጩ ጡረታ የወጡ፣ ትሑት ሰው ናቸው። ፍሬሙ እ.ኤ.አ. በ1998 ቴነሲ ውስጥ ቻታኑጋ አጠገብ የተሠራ ላይትስፒድ ነው። ስም ያለው ፋብሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረ ነው። ሰውዬው መጀመሪያ የነገሩን ያኔ ሲገዙት ያወጡበትን ገንዘብ ነበር። በአክብሮት ሰማኋቸው፤ ሒሳቤ ውስጥ ግን አላስገባሁትም። ያ ገንዘብ ሃያ ስድስት ዓመት ተነድቶበታል። አብዛኞቹ ፋብሪካዎች የዕድሜ ልክ ዋስትና የሚሰጡት ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ስለሆነ፣ ፍሬሙ ከእሳቸው ወደ እኛ በተሻገረባት ደቂቃ ዋስትናውም ያበቃል። ሁለተኛው ገዢ የሚከፍለው ለብረቱ ብቻ ነው። ነገ ቢሰነጠቅ ጉዳቱ የራሱ ነው፤ ይህ ደግሞ ከዋጋው መቀነስ አለበት።

ፍሬሙን በረንዳቸው ላይ ገልብጬ በነጭ ጨርቅ ጠረግኩት። ስንጥቅ የሚጀምረው ከብየዳ ዳር ነው፦ የፊት ቱቦው ከታችኛው ጋር በሚገናኝበት፣ ፔዳሉ በሚዞርበት ቋት ዙሪያ፣ የኋላ ጎማውን በሚይዙት ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ። የእጅ ባትሪ በአግድም አብርቼ በጥፍሬ ተከተልኩት። ጭረት ጥፍር ላይ ሸካራ ነው፣ ሲጠረግም ይነጣል፤ ስንጥቅ ግን እንደ ፀጉር ቀጥኖ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ቆሻሻው ከውስጡ አይወጣም። ከዓመታት በፊት ይህንን ሳላደርግ 800 ዶላር የከፈልኩበት ሌላ ፍሬም በሦስተኛው ወር ከኋላ በኩል ተሰንጥቆብኛል። ያ ገንዘብ የሁለት ሳምንት ድካሜ ነበር፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

የብየዳውን ቀለምም አየሁ። ታይታኒየም ሲግል ከአየር ጋር ከተገናኘ ኦክስጅን መጥጦ ይሰባበራል፤ ስለዚህ ከውጭም ከቱቦው ውስጥም አርጎን ጋዝ እየፈሰሰበት ነው የሚበየደው። ጋዙ ከበቃ ብየዳው ብርማ ይሆናል፤ እያነሰ ከሄደ ወደ ገለባ ቀለም፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ ወደ ግራጫ ይለወጣል። የዚህ ፍሬም ብየዳ ብርማ ነበር፤ እንደ ሳንቲም ክምር ተደራርቦ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይበልጥ ይዞራል። በያጁን ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር። ለሻጩም ይህንኑ ነገርኳቸው። ዋጋ ለማስወረድ መልካሙን ነገር መደበቅ ሌብነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ የመቀመጫውን ዘንግ ፈታሁ። አልነቃነቅም አለ። ዘንጉ አሉሚኒየም ነው፤ ላብና የክረምት መንገድ ጨው ገብቶበት ከታይታኒየሙ ጋር ተጣብቋል። ሰውዬው ለዓመታት ነቅለው ቅባት አልቀቡትም።

እዚያው ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ። መነሻዬ ሻጮች የሚጠሩት ዋጋ አልነበረም፤ ሻጭ ያሻውን ሊጠራ ይችላል። ኢቤይ ላይ በእርግጥ የተሸጡትን ብቻ ስከታተል ቆይቻለሁ፤ በዚህ ልክና በዚህ ዕድሜ ያሉ፣ የፊት ጎማውን ከሚይዘው ሹካቸው ጋር ያለ እንከን የሆኑት 850 ዶላር አካባቢ ሄደዋል። የዚህኛው ሹካ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ነው፤ ወድቆ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ካርቦን ጉዳቱን በውስጡ ይይዛል። ታሪኩን ለማላውቀው የካርቦን ሹካ አንድ ሳንቲም አልከፍልም፤ ልጁ ፊቱን ይዞ ቁልቁለት የሚወርድበት ነገር ነው። 200 ቀነስኩ። ለአሮጌ ኩሽኔታዎች 60። ለተጣበቀው ዘንግ 140። ቀሪው 450 ሆነ።

የኋላ ጎማው እምብርት የሚገባበት ክፍተት 130 ሚሊሜትር ስለሆነ የዛሬው የዲስክ ፍሬን ጎማ አይገባበትም፤ ከ25 ሚሊሜትር የሚሰፋ ጎማም አይቀበልም። ይህንን አልቀነስኩም፤ የተሸጡት ዋጋዎች ውስጥ አስቀድሞ ተቆጥሯልና። ለወጣቱ ግን ነገርኩት፤ ታይታኒየም እንደ ተራ ብረት ፍሬም ተለጥጦ የሚስተካከል አይደለም።

ወረቀቱን ለሰውዬው አሳየኋቸው። መስመር በመስመር አነበቡ፤ የሹካው ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያ 600 አሉ። በ500 ተስማማን። ወጣቱ መኪና ውስጥ «ጋሼ፣ ተወደደብኝ እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። «ዘንጉ ከወጣ አልተወደደብህም» አልኩት።

ለአሥር ቀን ማላቀቂያ ዘይት ስናጠጣው ሰነበትን። በአሥራ አንደኛው ቀን ደረቅ በረዶ ገዝተን፣ ወፍራም ጓንት አድርገን ዘንጉ ውስጥ ሞላነው፤ አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ ከታይታኒየም ይበልጥ ይኮማተራል። ዘንጉን ጠረጴዛ ላይ በማሰሪያ ጠምደን ፍሬሙን ለሁለት ያዝነውና ዞር አደረግነው። አንድ ጊዜ ቀጭ አለና ለቀቀ። ዘንጉ ሙሉ በሙሉ በነጭ ዱቄት ተሸፍኖ ወጣ። ወጣቱ ባትሪውን ቱቦው ውስጥ አብርቶ ለረጅም ጊዜ አየ። ውስጡ ንጹሕ ነበር።