የኔትዎርክ ካርድን ለቨርቹዋል ማሽን በቀጥታ መስጠት መቼ ይገባል?

በሊኑክስ ኬቪኤም (ቨርቹዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮችን፣ በሚያሠራው የሊኑክስ ክፍል) ላይ ቨርቹዋል ማሽን የሚያሠራ ሰው ማሽኑን ከኔትዎርክ የሚያገናኘው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ በአስተናጋጁ ሰርቨር ብሪጅ (በሶፍትዌር የተሠራ የኔትዎርክ ማገናኛ) በኩል ምናባዊ ካርድ ይሰጠዋል፣ ወይም እውነተኛውን ካርድ ከአስተናጋጁ ነጥሎ ያስረክበዋል። ሁለተኛው ፈጣን ስለሆነ ብቻ ሳይመዘን ሲመረጥ አያለሁ፤ እኔ ግን መነሻው የመጀመሪያው መንገድ፣ ማለትም ቨርትአይኦ የተባለው ምናባዊ ካርድ፣ መሆን አለበት እላለሁ። በቨርትአይኦ እንግዳው ሲስተም (በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ የሚሠራው) ካርዱ ምናባዊ መሆኑን አውቆ በጋራ ማህደረ ትውስታ ላይ ባሉ ወረፋዎች ፓኬት ስለሚለዋወጥ፣ እንደ ኢ1000 ያለ ነባር ካርድን ከማስመሰል እጅግ የቀለለ ነው፤ ለአብዛኛው የድረ ገጽና የዳታቤዝ ሥራም ይበቃል።

ካርዱን በቀጥታ ማስረከብ ብዙ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ሊኑክስ 3.6 የተካተተው ቪኤፍአይኦ (ካርዱን ለማሽኑ የሚያስረክበው የሊኑክስ ክፍል)፣ ካርዱ የሌላውን ማህደረ ትውስታ እንዳይነካ በአይኦኤምኤምዩ (መሣሪያዎች የትኛውን ማህደረ ትውስታ መንካት እንደሚችሉ በሚቆጣጠር የሃርድዌር ክፍል) ይከልላል፤ ሆኖም በአንድ የአይኦኤምኤምዩ ቡድን ያሉ፣ ማለትም ሃርድዌሩ እርስ በርስ ሊነጥላቸው የማይችል፣ መሣሪያዎች ለተለያዩ ማሽኖች ሊከፋፈሉ አይችሉም፣ የእንግዳው ማህደረ ትውስታም በአስተናጋጁ ላይ ተቆልፎ ይያዛል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ማሽኑን ሳያጠፉ ወደ ሌላ ሰርቨር ማዛወር አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ኤስአር-አይኦቪ አንዱን ካርድ ወደ ብዙ ንዑስ ካርዶች ቢከፍልም ይህን ችግር በራሱ አይፈታም።

በቨርቹዋል ማሽን ፋንታ ኮንቴይነር (ፕሮግራም ተነጥሎ የሚሠራበት ክልል) ከሆነ፣ የአስተናጋጁን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ስለሚጋራ ጉዳዩ ይቀልለታል፤ ካርዱ ወደ ኮንቴይነሩ የኔትዎርክ ክልል ይዛወራል፣ ድራይቨሩ ግን በአስተናጋጁ ይቀራል።

በሰከንድ ሚሊዮኖች ፓኬት ለሚያስተላልፍ ራውተር ቀጥታ ማስረከብ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ካርድ ከመግዛቴ በፊት ማዘርቦርዱ የአይኦኤምኤምዩ ቡድኖችን እንዴት እንደሚከፍል አረጋግጣለሁ።