ሰው የሌለበት ፎቶ ፍለጋ ዛንዚባር

ዛንዚባር ሄዶ የመጣ ሁሉ የሚያሳያችሁ ፎቶ አንድ ዓይነት ነው። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውኃ፣ ዘመም ያለ የኮኮናት ዛፍ። ሰው የለም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ እኛ ደግሞ ባሕር የናፈቀን ሰዎች ነን፣ ስለዚህ ሙሽሮቹ እዚያ ቢጎርፉ አይገርምም። እኔም የሄድኩት ያንን ፎቶ ፍለጋ ነው።

ኑንግዊ ላይ የለም። ኑንግዊ የዋናዋ ደሴት የኡንጉጃ ሰሜናዊ ጫፍ ናት፣ ድሮ የዓሣ አጥማጆችና የጀልባ ሠሪዎች መንደር። አሁንም ትልልቅ የእንጨት ጀልባ በእጃቸው የሚሠሩ አናጢዎች አሉ፤ ከእነሱ ትንሽ እልፍ ስትሉ ግን ሆቴል፣ ባር፣ ማሳጅ ቤት፣ እንደገና ሆቴል ነው። ፎጣዬን አንጥፌ ሳልጨርስ አንዱ የጀልባ ሽርሽር፣ አንዱ መነጽር፣ አንዱ የማሳይ ጌጥ ይዞ መጣ። ማሳይ እኮ የደሴቲቱ ሰው አይደለም። ከዋናው ታንዛኒያ እንጀራ ፍለጋ ተሻግሮ የመጣ ነው፤ ቱሪስት አፍሪካ መጣሁ ብሎ የሚያምነው ያንን ቀይ ጨርቅ ሲያይ ስለሆነ ገበያው አለ።

ግን እውነቱን ልናገር፣ መዋኘት ለሚፈልግ ኑንግዊና ጎረቤቷ ኬንድዋ ይሻላሉ። በምሥራቁ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሲሸሽም ቀልድ አይደለም፣ ውኃው እስከ ኮራል ድንጋዩ ድረስ ሄዶ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ በጎናቸው ይጋደማሉ። ሰሜኑ ላይ ይህ ብዙም የለም። ሆቴሉ እዚያ የታጨቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

የታክሲ ሹፌሬ «እህቴ፣ የድሮውን ዛንዚባር ከፈለግሽ ጃምቢያኒ ሂጂ» አለኝ። ሄድኩ። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ደግሞ «ከአሥር ዓመት በፊት መምጣት ነበረብሽ» አለኝ። ኋላ ላይ ገባኝ፣ የትም ብትሄዱ የሚነገራችሁ ይኸው ነው፤ ጥሩው ጊዜ ሁልጊዜ እናንተ ከመምጣታችሁ ጥቂት ቀደም ብሎ አልፏል።

ጃምቢያኒ ላይ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ጠዋት ውኃው ሲሸሽ ሴቶቹ ካንጋ የሚሉትን ጨርቃቸውን ታጥቀው ወደ ባዶው አሸዋ ይወርዳሉ። ችካል ተክለው፣ በችካሉ መሃል ገመድ ወጥረው፣ ገመዱ ላይ የባሕር አረም ያሥራሉ። እንደ ጓሮ አትክልት ማለት ነው፣ ሰዓት ቆጥሮ ውኃ ውስጥ የሚገባ ጓሮ። ሥራው በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ በእነዚሁ በጃምቢያኒና በፓጄ መንደሮች ነው የተጀመረው። አረሙ በፀሐይ ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል፤ የጥርስ ሳሙናና አይስክሬም የሚያወፍር ነገር ይወጣዋል። ለሴቶቹ ትልቁ ነገር በእጃቸው የሚገባ የራሳቸው ገንዘብ ማግኘታቸው ነበር። አሁን ውኃው እየሞቀ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት ዳር ላይ ይሞታል። ጠለቅ ያለ ውኃ ይፈልጋል፣ ብዙዎቹ ሴቶች ደግሞ ዋና አይችሉም።

እና እዚያ ቆሜ ሳለሁ አንድ ካሜራ የያዘ ሰው አየሁ። ሴቶቹ ከፎቶው እስኪወጡለት እየጠበቀ ነው! ተናደድኩበት፣ ግን እኔስ ከአዲስ አበባ ምን ፍለጋ ነበር የመጣሁት? ሰው የሌለበት ባሕር ማለት እነዚህ ሴቶች ሥራቸውን ትተው የሚሄዱበት ባሕር ነው። የባሕሩን ዳር ይዘው ሆቴል የሚሠሩት ሰዎችም ከዚህ የተለየ ነገር አይፈልጉም።

ብዙ ቱሪስት የማይደርስባት ፔምባ ናት፣ በሰሜን በኩል ያለችው ሁለተኛዋ ደሴት። አረንጓዴና ኮረብታማ ናት፣ የዛንዚባር ቅርንፉድም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነው። የመልቀሚያው ወቅት ስለነበር መንገድ ዳር ሰሌን ላይ ተሰጥቷል፣ አየሩ ሁሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ምንም ልሽጥልሽ የሚል የለም። ሰላምታቸው ረጅም ነው፣ የእኛን ገጠር ያስታውሳል። ግን ያ ፎቶ እዚያም የለም! ዳርቻው በብዛት ማንግሮቭ፣ ማለትም ጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ነው፣ ረጅም ነጭ አሸዋ እንደ ልብ አይገኝም፣ ቱሪስት ያልጎረፈውም ሰው ስለጠበቃት ብቻ አይደለም። ማታ ማታ ደግሞ ሥራ ፈትቼ ተሰላቸሁ። ሞተር ሳይክል የሚነዳልኝ ልጅ ኑንግዊ ሄዶ ሆቴል መቀጠር እንደሚፈልግ ነገረኝ፣ «ቱሪስቶቹ ለምን ወደኛ አይመጡም?» እያለ። ኑንግዊ ተበላሽታለች ልለው ፈልጌ ተውኩት። ደመወዙን የምከፍለው እኔ አይደለሁም።

ለማንኛውም የምትሄዱ ካላችሁ፣ ምሥራቁ ዳርቻ ላይ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት ኢንተርኔት ላይ እዩ፤ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ይብስበታል። ስቶን ታውን በሚባለው አሮጌው ከተማ ውስጥ ትከሻና ጉልበት ሸፈን ይበል፣ አገሩ የሙስሊም ነው። ወደ ፔምባ በመርከብ የምትሻገሩ ደግሞ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ያዙ፣ ያለዚያ ቅርንፉዱም አይሸታችሁም።