ጢሱ ከሩቅ ይታያል

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። እናቴ ስለ ጢስ ዓባይ ስታወራ ድምፁ ከሩቅ እንደሚሰማ፣ ጢሱ ገና መንገድ ላይ እያሉ እንደሚታይ ትነግረኝ ነበር። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትምህርት ቤት ጋር የሄድኩት ግን በየካቲት ነው። ያየሁት ሰፊ ጥቁር ገደልና በአንድ ጥግ የሚወርድ ቀጭን ውሃ ነበር። ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የዓባይ ውሃ በብዛት ወደ ተርባይኖቹ ይጠለፋል፣ በተለይ በበጋ ለፏፏቴው የሚተርፈው ትንሽ ነው። መብራቱ እንደሚያስፈልገን አውቃለሁ። ያን ቀን ያዘንኩት ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ስለዚህ ባለቤቴ "ያልሄድነውን የጫጉላ ጉዞ የት እናድርገው?" ሲለኝ ብዙ አላሰብኩም። የተጋባነው በጥር 2012 ነው፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ኮሮና መጣና ሁሉም ነገር ተዘጋጋ። "ውሃ ያልተጠለፈበት ቦታ ውሰደኝ" አልኩት። አይስላንድ ብሎ መለሰ።

የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። ከዚያ ኬፍላቪክ ድረስ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ በረራ ነው፤ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ላለው ሰው ደግሞ አይስላንድ የሼንገን አባል ስለሆነች ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም። ጳጉሜ 2 ቀን 2015 ማታ ደረስን። የዋና ከተማዋ ስም ሬይክያቪክ በቋንቋቸው "ጢሳማ ወሽመጥ" እንደማለት ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከፍል ውሃው የሚወጣውን እንፋሎት አይተው ያወጡት ነው ይባላል። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። እኛም ለዓባይ ጢስ ብለን፣ እነሱም ለወሽመጣቸው ጢስ ብለው።

መኪና ስንከራይ ልጁ አንድ ነገር ደጋግሞ ነገረን። በር ስትከፍቱ በሁለት እጅ ያዙ፣ ነፋሱ ይነቅለዋል። የማስፈራራት መስሎኝ ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ገባኝ።

በማግስቱ ጳጉሜ 3 ነበር፣ ሩፋኤል። በደቡብ ዳርቻ በሚሄደው 1 ቁጥር መንገድ ወጣን። ይህ መንገድ ደሴቲቱን ዙሪያዋን የሚያካልል ሲሆን ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እኛ በአምስት ቀን የደቡቡን ብቻ ነው ያየነው፣ እሱም አልበቃንም። በአስፋልት ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ክልክል ነው፣ እና እውነቱን ለመናገር ማንም ሰው እዚያ መቸኮል የለበትም። በግራ አረንጓዴ ገደል፣ በቀኝ ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ ባሕር። ገደሉ በአንድ ወቅት ራሱ የባሕሩ ዳር ነበር። ዛሬ ባሕሩ ወደ አምስት ኪሎ ሜትር ሸሽቷል፤ ወንዞቹ ግን አልሰሙም መሰለኝ፣ አሁንም ወደ ባሕር እንደሚወርዱ ሆነው ከዚያው ከድሮው ጠርዝ ላይ ይዘላሉ። ለዚህ ነው ፏፏቴዎቹ በመንገዱ ዳር ተሰልፈው የቆሙት። በቋንቋቸው "ፎስ" ማለት ፏፏቴ ነው፣ አንዴ ካወቃችሁት በኋላ በየምልክቱ ላይ ታነቡታላችሁ።

የመጀመሪያው ሰልያላንድስፎስ ነው። ቁመቱ 60 ሜትር ገደማ ነው። ከጀርባው ዋሻ መሰል ባዶ ቦታ ስላለ በእግር ዞሮ ከውሃው ኋላ ማለፍ ይቻላል። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ያዳልጣል፣ ጃኬት ያልለበሰ ሰው እስከ ውስጥ ልብሱ ይርሳል። ከኋላው ሆኜ ሜዳውን በውሃው መጋረጃ ውስጥ አየሁት። እንደ ልጅነቴ ፊቴን ወደ ላይ አድርጌ "ሩፋኤል አሳድገኝ!" ብዬ ጮህኩ። ባሕር ዳር ጳጉሜ 3 ዝናብ ሲዘንብ ልጆች ሁሉ ወጥተን የምንለው ይህንን ነበር። ባለቤቴ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ እሱም ያውቀዋል፣ አብሮኝ ጮኸ። አጠገባችን የነበሩት ቱሪስቶች ፈገግ አሉልን። ጸበል ነበር ለእኔ፣ ሌላ ስም የለኝም።

ከዚያ ጥቂት መቶ ሜትር በእግር ሄዳችሁ ግልዩቭራቡዪ የሚባለውን እንዳታልፉት። ብዙ ሰው ሳያየው ይመለሳል፣ ምክንያቱም ገደሉ ከፊት ሸፍኖታል። በጠባቧ ስንጥቅ ውስጥ ወንዙን እየረገጣችሁ ትገባላችሁ፣ ውስጥ ስትደርሱ ጣሪያ የሌለው ክፍል የመሰለ ቦታ አለ፣ ውሃው ከላይ በአንዴ ይወርድባችኋል። ውሃ የማያስገባ ጫማ ያስፈልጋል። እኔ አልያዝኩም፣ የቀኑን ቀሪ ሰዓት በእርጥብ ካልሲ አሳለፍኩ፣ ግን ደግሜ እገባለሁ።

ስኮጋፎስ የደረስነው ወደ ማታ ነው። ከመንገዱ ላይ እያለን አየሁት። ጢሱን ነው ያየሁት፣ ከውሃው በፊት ጢሱን። ባለቤቴን "አቁም" አልኩት፣ መቆሚያ ቦታ ስላልነበረ አላቆመም፣ እጄን ብቻ ያዘኝ። ቁመቱ 60 ሜትር፣ ስፋቱ 25 ሜትር ነው። ከጢስ ዓባይ ሙላት ጋር ሲነጻጸር በስፋት በጣም ትንሽ ነው፤ የእኛው በክረምት ሲሞላ ወርዱ ከ400 ሜትር አያንስም። ይህኛው ግን ሙሉ ነው። ማንም አልነካውም። ከበታቹ ያለው መሬት ጠፍጣፋ ጥቁር ጠጠር ስለሆነ እስከፈለጋችሁት ድረስ ትጠጋላችሁ፣ ነፋሱ ፊታችሁን እየገረፈ። በጎን ከ500 በላይ ደረጃ ያለው መውጫ አለ፣ ላዩ ላይ ሲደርሱ ወንዙ ሌላ ፏፏቴ፣ ከዚያ ሌላ እያደረገ ከላይ ሲመጣ ይታያል። አንድ ጥንታዊ ሰፋሪ የወርቅ ሣጥን ከውሃው ኋላ ደበቀ የሚል ተረት አላቸው። ሣጥኑን ለማውጣት የሞከሩት ቀለበቱን ብቻ ነቅለው ቀሩ፣ ቀለበቱም በስኮጋር ሙዚየም አለ ይላሉ። ከጀርባው ያለው የበረዶ ግግር ኤያፍያትላዮኩትል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አመዱ የአውሮፓን ሰማይ ለቀናት የዘጋው እሳተ ገሞራ። ያኔ ስሙን ለማንበብ ዜና አንባቢዎች ሁሉ ይቸገሩ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ዓርብ ስለነበረ የፆም ነገር ፈልገን አጣን፣ ከቤት የያዝነውን ዳቦ ቆሎና በሶ በላን። ያደርንበት ቤት ባለቤት ስማችንን ስትመዘግብ የአባት ስም መሆኑን ስነግራት ዓይኗ በራ። እነሱም እንደኛው ናቸው! የቤተሰብ ስም የሚባል በአብዛኛው የላቸውም። የአባቱን ስም ይዞ "ሶን" ወይም "ዶቲር" ይጨመርበታል፣ የእገሌ ልጅ ማለት ነው። የስልክ ማውጫቸው እንኳን በመጀመሪያ ስም ነበር የሚደረደረው። ጀርመን ውስጥ ስንት ጊዜ ስለ ስማችን ማስረዳት ሰልችቶኝ ነበር፣ እዚያ ግን አንዲት ሴትዮ ምንም ሳላስረዳት ገባት።

ጳጉሜ 4 ወደ ባሕሩ ዳር ነው የሄድነው። ዲርሆላኤይ የሚባለው ከፍታ 120 ሜትር ያህል ከባሕር በላይ ነው፣ ጫፉ ላይ ባሕሩ የቦረቦረው ትልቅ በር የመሰለ ቋጥኝ አለ። ከዚያ ላይ ሆናችሁ ስታዩ ጥቁሩ አሸዋ ማለቂያ የለውም። አሸዋው ጥቁር የሆነው የቀለጠ ድንጋይ ከውሃና ከበረዶ ጋር ሲገናኝ ፈንድቶ ስለሚደቅ ነው፤ ቀሪውን ደግሞ ማዕበሉ ይፈጨዋል።

ከዚያ ሬይኒስፍያራ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስለ ውበቱ ብቻ የሚጽፍ ሰው ሰው ያስገድላል። ውበቱ ይነገር፤ ገደሉ በጥርብ ድንጋይ የተሠራ ይመስላል፣ ምሰሶ በምሰሶ ላይ፣ አብዛኞቹ ስድስት ጎን ያላቸው። ቀልጦ የፈሰሰው ድንጋይ ቀስ ብሎ ሲበርድ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር በዚህ ቅርጽ ይሰነጠቃል። እኔ ላሊበላን አሰብኩ፣ ባለቤቴ ደግሞ የኦርጋን ቧንቧ። ከባሕሩ ውስጥ የወጡት ሹል ቋጥኞች ፀሐይ ስትወጣ ድንጋይ የሆኑ ግዙፍ ፍጡራን ናቸው ብለው ያወራሉ።

ማዕበሉ ግን ያታልላል። አምስት ስድስት ትንንሽ ይመጣና ሰው ይዘናጋል፣ ከዚያ አንዱ ሳይታሰብ ሩቅ ድረስ ወጥቶ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል። በዚያ ቦታ ብዙ ጎብኚዎች ሞተዋል። ስለዚህ መግቢያው ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ተክለዋል። እኛ ስንደርስ ቢጫ ነበር። ባለቤቴ ፎቶ እንዳነሳው ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ቆመ። አንድ አስጎብኚ ከሩቅ ሲጮህ ሰማሁ፣ ቀና ስል ውሃው እየመጣ ነው፣ በጃኬቱ ጎትቼ አስሮጥኩት። እስከ ጉልበቱ ነበር የደረሰው። ውሃው ሲመለስ አሸዋውን ከእግሩ ሥር ሲስበው ይሰማው እንደነበር ማታ ላይ ነገረኝ፣ ድምፁ ልክ አልነበረም። እባካችሁ፣ እዚያ ከሄዳችሁ ጀርባችሁን ለባሕሩ አትስጡ፣ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ እጁን አትልቀቁ።

ቪክ ትንሽ ከተማ ናት፣ ቤተ ክርስቲያኗ ኮረብታ ላይ። ከላይዋ በበረዶ ግግር ሥር ካትላ የሚባል እሳተ ገሞራ ተኝቷል። እ.ኤ.አ. ከ1918 ወዲህ ትልቅ ፍንዳታ አላደረገም። ዳግም ከፈነዳ በረዶው ቀልጦ ጎርፍ ሊወርድ ስለሚችል ሕዝቡ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ እንዲወጣ ተዘጋጅቷል። ትኩስ የበግ ሾርባ የጠጣነው እዚያ ነው። ሰውነቴ የተመለሰልኝ ያኔ ነው።

ከቪክ በኋላ ያለው መንገድ በእኔ ልብ ውስጥ የቀረው ነው። ኤልድህራውን ይባላል። ዓይን እስኪደክም ድረስ የረጋ የእሳት ድንጋይ፣ ላዩ ወፍራም ግራጫ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ለብሶ። ሽበቱን አትርገጡት፣ አንዴ ከተረገጠ መልሶ ለመብቀል ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ይህ ሁሉ የፈሰሰው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1783 ላኪ በሚባለው ቦታ መሬቱ ተሰንጥቆ ስምንት ወር ሲተፋ ነው። መርዛማው ጭስ ሣሩን መረዘው፣ ከብቱ አለቀ፣ ከሀገሩ ሕዝብ አምስተኛው ያህል በረሃብና በበሽታ ሞተ።

በኪርክዩባያርክላውስተር አንድ ዮን ስቴይንግሪምሶን የሚባሉ ካህን ነበሩ። በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 20 ቀን፣ እሳቱ ወደ መንደሩ ሲቀርብ ሕዝቡን ቤተ ክርስቲያን ሰብስበው ጸለዩ። የመጨረሻችን ነው ብለው ነበር የገቡት። ጸሎቱ አብቅቶ ሲወጡ እሳቱ ቆሞ አገኙት። "የእሳት ቅዳሴ" ብለው እስከዛሬ ያስታውሱታል፣ እ.ኤ.አ. በ1974 መታሰቢያ ጸሎት ቤት አሠርተውላቸዋል። እኛ ምህላ እንለዋለን። በዚያች ጸሎት ቤት ደጃፍ ሁለታችንም ተሳልመን ቆምን።

ማታ ባለቤቴ በስልኩ ሲያነብ ድንገት ተነሥቶ ተቀመጠ። "ስሚ እስኪ" አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት ነው። የላኪ ጭስ የሰሜኑን የምድር ክፍል ሞቃት ወራት ስላቀዘቀዘ የአፍሪካ የክረምት ዝናብ ደከመ፣ በዚያ ዓመት የዓባይ ሙላት ቀነሰ፣ ግብፅም ተራበች ይላል። የዓባይ ሙላት እኮ የሚመጣው ከእኛው ደጋ ነው። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያን ዓመት ጢስ ዓባይ አጠገብ ቆሞ ውሃው ለምን እንዳነሰ ያልገባው ገበሬ ነበር ማለት ነው። ምናልባትም ምህላ ይዞ።

ጳጉሜ 6 ዮኩልሳውርሎን ሄደን በሐይቁ ላይ የሚንሳፈፈውን ሰማያዊ በረዶና በጥቁሩ አሸዋ ላይ የተበተነውን እንደ መስታወት የሚያበራ ስባሪ አየን። ያምራል፣ ፎቶዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። የእኔ ሐሳብ ግን ወደ ኋላ ነበር። ባለቤቴ ሳልጠይቀው "ለእንቁጣጣሽ ስኮጋፎስ እንደር" አለኝ።

መስከረም 1 ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፏፏቴው ፊት ቆምን። ባሕር ዳር ስድስት ሰዓት ሆኗል። ለእማዬ በቪዲዮ ደወልኩ። ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ ቡናው ቀርቧል። "እንኳን አደረሰሽ" አልኳት፣ ድምፄ በውሃው ተዋጠ። ስልኩን አዙሬ አሳየኋት። ለካ ቅርብ ሆኜ ስለነበር ነጭ ብቻ ነው የሚታያት።

"ራቅ በይ" አለችኝ።

በጠጠሩ ላይ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ መኪናው ጋ ደረስኩ። ፀሐይ ወጥታ ነበር፣ ቀስተ ደመናው ከታች፣ ጢሱ ከገደሉ በላይ።

እማዬ ምንም አላለችም። ከዚያ ዞር ብላ ጎረቤታችንን ስትጠራት ሰማሁ። "ነይማ ነይ፣ ነይና እዪ፤ ልክ እንደዚህ እኮ ነበር።"