የድንበሩ ክርክር በቪዛ የገባውንም ይነካል

አሜሪካ ውስጥ ስለ ድንበር ጥበቃ ሲነሳ ብዙ አበሻ «እኔ የገባሁት በቪዛ ነው፤ የሜክሲኮ ድንበር ምን አገባኝ?» ይላል። አደገኛ መዘናጋት ነው። በሳን ዲዬጎ በኩል አጥር እንዲሠራ ያዘዘው የ1996ቱ ሕግ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የጥገኝነት ማመልከቻ በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ይቅረብ የሚለውን ገደብም አመጣ። የ2005ቱ ሪል አይዲ የተባለው ሕግ አጥሩን የሚያግዱ ሕጎች እንዲታለፉ ሲፈቅድ፣ ከኬዙ ዋና ጉዳይ ጋር ባይገናኝም በቃል መጋጨት ብቻ አመልካቹን አለማመን እንደሚቻል ደነገገ። በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ደግሞ ለአጥር 46.5 ቢሊዮን ዶላር መድቦ፣ በነጻ የነበረውን የጥገኝነት ማመልከቻ 100 ዶላር አደረገው፤ ውሳኔ እስኪሰጥም በየዓመቱ ሌላ 100 እንዲከፈል ደነገገ።

የእኛን ሰው ክፉኛ የሚጎዳው የ2005ቱ ነው፤ ምክንያቱም ቀን አቆጣጠራችን ይለያል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዲሴምበር 31፣ 2020 ነው፤ ታኅሣሥ 23 ግን ጃንዋሪ 1፣ 2021። ሁልጊዜ ሰባት የሚደምር ሰው ታኅሣሥ 25 መታሰሩን ሲጽፍ አንድ ዓመት ሙሉ ይስታል። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጡ» ያለው ሲተረጎም በፈረንጅ «8 ፒኤም»፣ ማለትም ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኖ ቁጭ ይላል። የጥገኝነት ማመልከቻ ቅጹ (አይ-589)፣ የጽሑፍ ቃሉና የፍርድ ቤት ወረቀቱ የተለያየ ቀን ከያዙ ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው መኮንን ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ተርጓሚው የኢትዮጵያውን ቀን እንዳለ ትቶ የፈረንጁን ከጎኑ ይጻፍ፤ ቋንቋውን እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክል መሆኑንም አረጋግጦ ይፈርም።

የአንድ ዓመቱ ገደብ ለእኔ ጭካኔ ነው፤ ከእስር ወጥቶ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ቁስሉን ለማውራት እንኳ አቅም የለውም። ግን ሕጉ እስካለ ድረስ የሚቆጠረው መጨረሻ ከገቡበት ቀን ነው፤ ማስረጃው የፓስፖርት ማኅተምና አይ-94 (የመግቢያ መዝገቡ) ነው። ማመልከቻው በዓመቱ ውስጥ መድረስ አለበት። በተማሪ ቪዛ ሕጋዊ ሆኖ የቆየ ሰው ሊታለፍለት ይችላል፤ ሕጋዊ ቆይታው ካበቃ በኋላ ግን ሳይዘገይ ማስገባት ይጠበቅበታል። አገር ቤት ያለው ሁኔታ የተለወጠበትም እንዲሁ ይከራከራል። ምክንያት የሌለው ሰው በዋናነት የሚቀረው ዊዝሆልዲንግ (አደጋ ወዳለበት አገር እንዳይመለስ ማገድ) ነው፤ ማስረጃው ይከብዳል፣ ወደ አገር ከመመለስ ቢያድንም ግሪን ካርድ አያሰጥም፣ የትዳር ጓደኛና ልጅም አያስመጣም።