ዶሮ ወጥ በማንኪያ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቄጤማዬን ራሴ ላይ አስሬያለሁ። ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ እየተቁላላ ነው። ዓይኔ ስለሚያነባ የፊደል ስህተት ካያችሁ እለፉኝ።

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ያ የእንጀራና የዳቦ ነገር ምን ደረሰ? ተውሽው እንዴ?» ስትሉኝ ከርማችኋል። አልተውኩትም። ብዙ ጊዜ ግን ተሸንፌያለሁ። የዘንድሮ የበዓል መልእክቴ እሱው ይሁን።

ለማታውቁት፣ አምና ጥቅምት ላይ በባዶ ሆዴ የተለካው ስኳሬ 118 ሆኖ ተገኘ። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር ሕመም ነው። ከ100 እስከ 125 ያለው ደግሞ ደጃፉ ላይ መቆም ነው። አባቴን በዚሁ ሕመም ስላስታመምኩ ደጃፉ ራሱ በቂ ድንጋጤ ነበር። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝና ስኳር ቀነስኩ። «ሎው ካርብ» የሚሉት ማለት ነው። እኔ መድኃኒት አልጀመርኩም ነበር። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር እንክብሎችን የምትወስዱ ግን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዲህ ካደረጋችሁ ስኳራችሁ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ቀልድ አይደለም።

እውነቱን ልንገራችሁ? ረሃቡን በሁለት ሳምንት ለመድኩት። ያልቻልኩት ሰውን ነው።

መሥሪያ ቤት እንጀምር። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቡና ይፈላል። ቡና የምታፈላልን እህታችን ስኳሩን ስኒው ውስጥ አስቀድማ ነው የምታደርገው። «ለእኔ ያለ ስኳር» ስላት ትክ ብላ አየችኝና «ቆጥበሽ ቤት ልትሠሪ ነው?» አለችኝ። አዳማ ወይም ሐዋሳ ለሥልጠና ስንወጣ ደግሞ ይብሳል። የጠዋቱ ሻይ ዕረፍት ቦምቦሊኖና ኩኪስ፣ ምሳው ሩዝና ፓስታ፣ የከሰዓቱም ያው ኩኪስ። መሃል ላይ ለስላሳ አለ፤ በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ ከ7 የሻይ ማንኪያ በላይ ስኳር። በመጨረሻ የተቀቀለ እንቁላልና ለውዝ በቦርሳዬ መያዝ ጀመርኩ። የተዘጋ አዳራሽ ውስጥ እንቁላል መላጥ ወዳጅ እንደማያበዛ ከእኔ ተማሩ።

ሰኔ ላይ፣ ሒሳብ መዝጊያ ሰሞን፣ ወደቅሁ። እስከ ሌሊት ስናመሽ አለቃችን ፒዛ አስመጣልን። አንድ ቁራጭ ብዬ ጀምሬ አራት በላሁ። በማግስቱ ተጸጽቼ ሳይሆን ተኝቼ ነው የዋልኩት።

የሰፈሩ ጉዳይ ሌላ ነው። ዘጠኝ ኪሎ ቀነስኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ምነው ከሳሽ? ምን ነካሽ?» ይለኛል። አንዲት ጎረቤታችን እናቴን ለብቻዋ ጠርተው «ልጅቷን ጸበል ውሰጃት» ብለዋታል። እማዬ ማታ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። ሳቋ ግን ሙሉ አልነበረም።

ከሁሉ የከበደኝ ሁዳዴ ነው። 55 ቀን ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ አይብ የለ። የጾም ገበታችን ደግሞ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ከሥሩ እንጀራ። አቮካዶ፣ ጎመን፣ እንጉዳይ፣ ፎሶሊያ፣ ተልባና ሱፍ ባይኖሩ ኖሮ ወይ ጾሙን ወይ ዳይቱን እፈታ ነበር። ዘንድሮ ከራሴ ጋር ተደራደርኩ። በቀን ሩብ እንጀራ ፈቀድኩ፤ ሽሮውን ቀነስኩ። ሎው ካርብ ነው ወይ ካላችሁኝ፣ ለእኔ ነው። አንድ ጓደኛዬ ግን «አረቄ ካርቦሃይድሬት የለውም» እያለ ሌላ መንገድ ሊያሳየኝ ሞክሯል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፋሲካ እንደ እኔ ላለ ሰው የምቾት በዓል መሆን ነበረበት። ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ አይቡ፣ ክትፎው፣ ሁሉም ለእኔ የተፈቀደ ነው። አምና እንዲያ መስሎኝ ነበር። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጨጓራችን እንዲለሰልስ ተልባ ጠጣን። ማዕድ ቀረበ። እኔ ብድግ ብዬ ሳህንና ማንኪያ አመጣሁ።

«ዶሮ ወጥ በማንኪያ!» አለች እማዬ።

ወንድሞቼ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች፤ እንጀራው ከወጡ ይበዛል። «አፈር ስሆን ብይልኝ» አለች። «እማዬ፣ እንጀራ አልበላም» አልኳት። እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ጉርሻውን ቀስ ብላ መሶቡ ላይ አስቀመጠችው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል እሰማ ነበር፤ በባዶው ሲያጣላ ግን ያን ሌሊት አየሁ። እሷ እኮ ስንት ሰዓት እሳት ዳር ቆማለች። 12 ብልት በሎሚና በጨው ስታጥብ የዋለች ሴት ናት።

ጉርሻውን አንስቼ በላሁት። ዘግይቶ ነበር፤ እሷም ገብቷታል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለወጥኩ። «አልበላም»ን ማዕድ ላይ አልናገርም። ዘመድ ሲጠራኝ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሜ እደውላለሁ፤ የስኳሬን ነገር እነግራለሁ፤ «ጎመንና አይብ ካለ ይበቃኛል፣ እኔም ሰላጣ ይዤ እመጣለሁ» እላለሁ። ሰው አስቀድሞ ሲያውቅ አይከፋውም። እንዲያውም አብሮ ይጠነቀቃል። ከእናቴ እጅ ግን አንድ ጉርሻ፣ ከነእንጀራው፣ ሁልጊዜ እቀበላለሁ። እሱ ስኳሬን አያፈርሰውም። ባለፈው ወር ስለካ 97 ነበር።

በመስክ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ተረኛ ሆናችሁ ሆስፒታል የምታድሩ፣ በሰው አገር ለብቻችሁ የምታፈስኩ፣ በዓሉን በሰላም ዋሉ። የታመመባችሁን ይማርላችሁ። «ከሳሽ» ወይም «ወፈርሽ» የምትሉት ሰው ካጋጠማችሁ ለነገ አንድ ቀን ተዉት።

እዚህ ላይ ልቁም፤ እማዬ ከማድቤት እየተጣራች ነው። እንቁላሉን እንድልጥ ነው። 12 ሲሆን የምናውቀውን ዘንድሮ 14 ቀቅላለች። «ሁለቱ ለማንኪያዋ ናቸው» ትላለች።